አደይ አበባና የመስቀል ወፍ መስከረም ካለፈ በኋላ የት ነው የሚከርሙት?

የጉለሌው | መስከረም 20

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። አንድ የዱር አበባና አንድ ወፍ መርጣችሁ አወዳድሩ የሚል የቤት ሥራ ተሰጣቸው። እሷ ሳታመነታ አደይ አበባንና የመስቀል ወፍን መረጠች። ደስ አለኝ።

ማታ ደብተሯን ዘርግታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለቱም በመስከረም ይመጣሉ ብላ ጻፈች። ሁለቱም ያምራሉ ብላ ጨመረች። ከዚያ እርሳሷን አስቀመጠችና «አባዬ፣ መስቀል ሲያልፍ የት ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

እኔ ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። አደይን ከችቦ ጋር አስሬ ደመራ ዞሬያለሁ። የመስቀል ወፍን ከብት ስጠብቅ በየሣሩ ተከታትዬዋለሁ። ሁለቱ ቀጠሮ አላቸው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ እናቴም በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ ሲመጣ «አንተ የመስቀል ወፍ፣ ዛሬ ከየት ተገኘህ!» ብላ ነበር የምትቀበለው። ግን ወፉ ቀሪውን ጊዜ የት እንደሚከርም አንድም ቀን ቆም ብዬ አስቤ አላውቅም። «ወደ ሞቃት አገር ይሄዳል» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እርግጠኛ ያልሆንኩትን ነገር ደብተሯ ላይ ማስጻፍ ከበደኝና ተውኩት።

ሌላም ነገር አለ። የመስቀል ወፍ የትኛው እንደሆነ እንኳ ቤት ውስጥ አልተስማማንም። እኔ የማውቀው ቢጫና ጥቁሩን ነው። ባለቤቴ ያደገችው ሐዋሳ ነው፣ ቀይና ጥቁር ነው ትላለች። ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ የመስቀል ወፍ ማለት ያ ጅራተ ረጅሙ ነው ብለው ድርቅ አሉ። የምታውቁ እስቲ ንገሩን። ልጅቷ ሰኞ ታስረክባለች።


ወፍ_አሳሽ | መስከረም 20

ወንድሜ፣ እንኳን «ሞቃት አገር» አላልካት። ወፉ የትም አይሄድም። እዚያው ሰፈሩ ነው ያለው። ልብሱን ነው የሚቀይረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዱ ወፍ የመራቢያ ወቅቱ ሲደርስ፣ ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ሲያድግ ማለት ነው፣ አሮጌ ላባውን ያራግፍና ደማቁን ያበቅላል። ሲያበቃ እሱንም ያራግፋል። ከዚያ በኋላ እንደ ሴቷ ቡናማ፣ ጀርባው ላይ ጥቁር ጭረት ያለው፣ ከድንቢጥ የማትለየው ወፍ ይሆናል። በታኅሣሥ አጠገብህ አርፎ ጥሬ ሲለቅም ብታየው «የመስቀል ወፍ» አትለውም። ሴቷን ደግሞ በመስከረምም አናያትም፤ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ናት።

የትኛው ነው ላልከው፣ ሦስታችሁም ልክ ናችሁ፤ ይህን የምለው ለማስታረቅ ብዬ አይደለም። ቆላውና ስምጥ ሸለቆው አካባቢ፣ ሐዋሳንና ባቱን ጨምሮ፣ ብዙ የሚታየው ቀይና ጥቁሩ ነው። ፊቱ፣ አናቱና ሆዱ ጥቁር፣ ሌላው እንደ ፍም የቀላ። በሳይንስ ስሙ ዩፕሌክተስ ፍራንሲስካነስ ይባላል። ፈረንጆች ልብሱን አይተው «ጳጳስ» ነው የሚሉት፤ እኛም እነሱም ሳንነጋገር ቤተ ክርስቲያን ነው የወሰድነው። ደጋው ላይ፣ ሱሉልታ ሜዳ ብትወጣ፣ የምታገኘው የሱን ዘመድ ነው። ከላይ ቢጫ፣ ከታች ጥቁር፣ ዩፕሌክተስ አፈር የሚባለው። አንተ ከብት ስትጠብቅ የተከተልከው ይሄንን ይመስለኛል። ጋሼ የሚሉት ደግሞ ከነዚህ ወገን አይደለም። ጥቁርና ነጭ ነው፣ መንቁሩ ቀይ፣ ጅራቱ ብቻ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም። እሱም ጅራቱን የሚያወጣው ለመራቢያው ወቅት ነው፤ ሲያልፍ ይጥለዋል።

ስለዚህ «የመስቀል ወፍ» የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። የወቅቱ ስም ነው። በየአካባቢው በዚያ ሰሞን ደምቆ የወጣውን ወፍ ሰው በበዓሉ ጠራው።

ቢጫውን ካላያችሁት ልጅቷን ይዘህ ሂድ፣ አሁንም ጊዜ አለ። ጠዋት ረጅም ሣር ያለበት ረግረግ አጠገብ ቁሙ። ወፉ 10 ወይም 11 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ አውራ ጣት የምታክል ነገር። ግን ሴት ለመጥራት ሲነሳ የጀርባውን ላባ ነፍቶ ድቡልቡል ይሆናል፤ ከሣሩ በላይ ቀስ ብሎ፣ ክንፉን እያርገበገበ፣ ዝዝዝ የሚል ድምፅ እያሰማ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ትልቅ ቢጫ ንብ ነበር የመሰለኝ። ካሜራዬን እንኳ ሳላነሳ አለፈኝ።


መምህርት_ደብረብርሃን | መስከረም 21

ወፉን ወፍ_አሳሽ ጨርሶታል። እኔ ስለ አበባው ልበል። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ይህንን ትምህርት በየዓመቱ መስከረም ላይ አበባውን ራሱን ክፍል ይዤ እየገባሁ ነው የማስተምረው።

አደይም የትም አይሄድም። በዓመት አንዴ በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ የሚሞት ተክል ነው። ሥሩ አይከርምም። የሚከርመው ዘሩ ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት አፈር ውስጥ ነው ያለው፤ በላዩ ከብት ይሄዳል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ዝናቡ ሲይዝ ይበቅላል፣ ሐምሌና ነሐሴን ከሣር ጋር እኩል ይረዝማል፤ ያኔ ማንም አያየውም። ጳጉሜ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ይፈነዳል።

አሁን ልጅሽን፣ ይቅርታ ልጅህን፣ አንዲት አደይ ቀጥፈህ እጇ ላይ አስቀምጥላት። አንድ አበባ ነው የያዝሽው? በላት። አዎ ትላለች። አይደለም። ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ቅጠል የሚመስሉት፣ ስምንት ገደማ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባ ናቸው። መሃል ላይ ያለችውን ቢጫ ክብ ደግሞ በመርፌ ጫፍ ፈልቅቃት። ደቃቅ ቱቦዎች ይወጣሉ። እያንዳንዷ ቱቦ አበባ ናት፤ የራሷ የአበባ ዱቄት፣ የራሷ እንቁላል ዕቃ አላት። እኛ አንድ አበባ የምንለው መንደር ነው።

ለማወዳደሩ የሚሆናት ጥሩ ነገር እዚህ ጋ አለ። ዳር ያሉት ትልልቆቹ ዘር አይሰጡም። ሥራቸው ንቡን ከሩቅ መጥራት ብቻ ነው። ዘር የሚያፈሩት መሃል ያሉት፣ ማንም ልብ የማይላቸው ጥቃቅኖቹ ናቸው። ወፉንም ተመልከቱት። ደማቁ ወንድ ሜዳው ላይ ይታያል፣ የጎጆውን ዙሪያም ይጎነጉናል፤ እንቁላል ታቅፋ ሁለት ሳምንት ገደማ የምትቀመጠውና ጫጩት የምታሳድገው ግን ቡናማዋ ናት። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ሴቶቹ ናቸው ቀድመው የሚስቁት።

ስሙንም ትጻፈው። ቢደንስ ማክሮፕቴራ። የዚህን ወገን ዝርያዎች አጥንተው ያሁኑን ስም የሰጡት ኢትዮጵያዊው የእጽዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ናቸው። ማክሮፕቴራ ማለት «ባለ ትልቅ ክንፍ» ማለት ነው። ዘሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ ስስ ክንፍ አለው። አንዱ ይበራል አንዱ አይበርም ብላ ጽፋ ከሆነ ይህን ትጨምርበት።

እንደ ወፉ ሁሉ አደይም አንድ ብቻ አይደለም። ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ሦስት ዝርያዎች አሉ፤ ሁሉንም አደይ ነው የምንላቸው። በትግርኛ ገልገለ መስቀል ይባላል፣ በኦሮምኛ ኬሎ። ኢሬቻ ላይም ከእርጥብ ሣር ጋር የሚያዘው እሱ ነው።


ጤፍ_አብቃይ | መስከረም 21

ስለ ወፉ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ምንጃር ነኝ፣ ከአባቴ ጋር አርሻለሁ። ወፍ_አሳሽ እንዳለው ቡናማ የሚሆነው እውነት ነው። በየዓመቱ አየዋለሁ። በመስከረም «የመስቀል ወፍ መጣ» ብለን በደስታ የምንጠራውን ወፍ በኅዳር ከማሽላ ላይ በወንጭፍ እናባርረዋለን። ከሌላው ወፍ ጋር ተደባልቆ በመንጋ ይወርዳል። እኔ ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ቆሜ ስጮህ ውዬ ማታ ድምፄ ይዘጋ ነበር። ያባረርኩት የመስቀልን ወፍ ጭምር እንደሆነ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

አባቴ ግን ያውቁ ነበር። «እሱን ተወው፣ እሱ ጥቂት ነው የሚበላው፣ ግሪሳውን ነው» ይሉኝ ነበር። እንዴት እንደሚለዩት አይገባኝም ነበር። በአበራረሩና በድምፁ ነው ይላሉ።


ወፍ_አሳሽ | መስከረም 21

@ጤፍ_አብቃይ አባትህ ትልቅ ሰው ናቸው። ያንን መለየት እኔም በመነጽር እቸገራለሁ። ግሪሳ ራሱ የነዚህ ወፎች የቅርብ ዘመድ ነው፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ልዩነቱ ብዛቱ ላይ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ቀለሙ ልንገራችሁ። ወፍ ይህን ዓይነቱን ቢጫና ቀይ ቀለም ራሱ መሥራት አይችልም። ካሮቲኖይድ ይባላል፣ የሚሠሩት ተክሎች ናቸው። ወፉ ከሚበላው ዘርና ከሌላው ምግቡ ይወስድና ላባው ላይ ያወጣዋል። ስለዚህ በደንብ ያልበላ ወንድ በደንብ አይደምቅም። ልጅቷ ይህን ብትጽፍ ደስ ይለኛል፦ አበባው ቀለሙን ራሱ ይሠራል፣ ወፉ ከተክል ይበደራል።


ዘመነ_ጽጌ | መስከረም 22

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይሄ ሁሉ ማብራሪያ ትንሽ ቅር አሰኘኝ። ቀጠሮውን የሰጣቸው ፈጣሪ ነው። ልጅ ሆነን እንዲህ ብለን ነው ያመንነው፤ አሁን ላባ ይቀይራል፣ ዘር ነው ሲባል በዓሉ የቀለለ ያህል ተሰማኝ። ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቤተ ክርስቲያን ዘመኑን በአበባ ጠርታው ትቆማለች። ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት አበባን እያነሱ ሲያመሰግኑ ያደረ ሰው፣ አደይ እንዲሁ የሚበቅል አረም አይመስለውም።


መምህርት_ደብረብርሃን | መስከረም 22

@ዘመነ_ጽጌ እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ማንም አረም አላለውም። እኔም ማኅሌት አድራለሁ። ለእኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚሰማኝ። ሰባት ወር ደረቅ አፈር ውስጥ ሳይበሰብስ፣ ያለ ጊዜው በበልግ ዝናብ ሳይታለል ቆይቶ፣ በሰዓቱ የሚነሳ ዘር መኖሩን ካወቅኩ በኋላ ነው ቀጠሮ የሚለው ቃል የከበደኝ። ስለ አፈጣጠሩ አንቺ ያልሽውን አልነካሁትም። እንዴት እንደሚፈጸም ነው የነገርኩት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሁለቱም የሚያዩት ዝናቡን ነው እንጂ ቀኑን አይደለም። ክረምቱ የዘገየ ዓመት አደይም ይዘገያል፤ ለእንቁጣጣሽ ገና እምቡጥ ሆኖ ያገኘንባቸው ዓመታት አሉ። ወፉም ለጎጆው ረጅም ሣር፣ ለልጆቹ ትልና የበሰለ የሣር ፍሬ ይፈልጋል፤ ያ ሁሉ የሚሟላው በክረምቱ መጨረሻ ነው። የኛ አቆጣጠር የፀሐይ በመሆኑ በዓሉ ከወቅቱ አይርቅም። በጨረቃ ብንቆጥር ኖሮ መስቀል አንዳንዴ ሚያዝያ ላይ፣ አበባ በሌለበት ይውል ነበር።


ንብ_አናቢ | መስከረም 23

ሰላም፣ ከጎጃም ነኝ። ስለ አደይ ሲወራ ንብ ሳይነሳ መቅረቱ ገረመኝ።

በኛ አገር ዓመቱ የሚቆጠረው በቀፎ ነው። ክረምቱን ሙሉ ንቡ ተርቦ ነው የሚከርመው፣ ዝናብ አያስወጣውም። መስከረም ሲጠባ ቀፎ አፍ ላይ ተቀምጠህ ብታይ እያንዳንዷ ንብ የኋላ እግሯ ላይ ሁለት ብርቱካንማ እንክብል ይዛ ነው የምትገባው። የአደይ ዱቄት ነው። አንዳንዷ ከመክበዷ የተነሳ ከቀፎው በታች ወድቃ፣ አርፋ፣ እንደገና ተነስታ ነው የምትገባው። ከዚያ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ማሩን እንቆርጣለን። ቢጫ ነው፣ ቶሎ ይረጋል፣ ሽታው አደይ አደይ ይላል። ለጠጅ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም።

አንድ እርማት። በየስልኩ «አደይ» ተብሎ የሚለጠፈው የቢጫ ሜዳ ፎቶ ብዙው አደይ አይደለም። ኑግ ነው፣ ወይም መጭ። ኑግ ሰው የዘራው ነው፤ መጭ ሳይዘራ እርሻ ውስጥ የሚወጣው ነው። ከሩቅ ሁሉም አንድ ነው፣ ንቡም ሁሉንም ይወዳል። በቅርብ ግን የአደይ ቅጠል የተተለተለ ነው፣ እንደ ካሮት ቅጠል የተበጣጠሰ። የመጭ ቅጠል ሙሉ ነው፣ ሲነኩት ይሻክራል። ልጅቷ ደብተሯ ላይ ስትስል ቅጠሉን አትርሳ።

ሌላው የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከተማ ሰዎች ለእንቁጣጣሽና ለደመራ አደይን ከነሥሩ እየነቀላችሁ ነው የምትወስዱት። መምህርት እንዳለችው የሚከርመው ዘሩ ብቻ ነው። ዘር ሳይጥል ከነቀልከው ለከርሞ እዚያ ቦታ ምንም የለም። አንድ ሁለት ዓመት የድሮ ዘር ያወጣው ይሆናል፤ ከዚያ ያልቃል። እኔ ለልጆቼ የማስተምራቸው እንዲህ ነው፦ በማጭድ ወይም በመቀስ ከመሃሉ ቁረጡ፣ ግንዱ ከታች ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣል። ከአሥሩ ሦስቱን ደግሞ አትንኩ፣ ይድረቅ።


የጉለሌው | መስከረም 23

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እያነበብኩላት ነው፣ አንዳንዱን ሁለቴ አስደገመችኝ። አበባዋን በመርፌ ፈልቅቀን 43 ቱቦ ቆጠርን፤ ከዚያ በላይ ዓይናችን ደከመ።

ንብ_አናቢ ያልከው ልቤን ነካው። ወደዚህ ሰፈር ስንመጣ ከቤታችን ጀርባ እስከ ወንዙ ድረስ ሜዳ ነበር። መስከረም ላይ ቢጫ ይሆን ነበር፤ የሰፈሩ ሴት ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባቸውን ከዚያ ነበር የሚያመጡት። አሁን ሕንፃ ነው፣ የቀረውም ድንጋይ ተነጥፎበታል። ዘንድሮ በራችን ላይ የመጡት ልጆች የያዙት እቅፍ ከገበያ የተገዛ ነበር፣ ግማሹ ጠውልጓል። ወንዙ ዳር ግን አንድ ጥግ ተርፏል። ሣሩም እዚያ አልታጨደም። ቅዳሜ ይዣት እሄዳለሁ።


ሎስአንጀለስ_ነኝ | መስከረም 25

ይህን ሳላካፍላችሁ ባልፍ ይቆጨኝ ነበር። ሎስ አንጀለስ 14 ዓመት ኖርኩ። ባለፈው ነሐሴ በእግሬ ስሄድ፣ ወንዙ ዳር ከሚበቅለው ረጅም አረም ላይ አንድ ቀይና ጥቁር ወፍ አርፎ አየሁ። ቆምኩ። እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። የመስቀል ወፍ ነው! ሐረር ልጅ ሆኜ ያየሁት ራሱ። ዓይኔን አላመንኩም፣ ስልኬን አውጥቼ እህቴ ጋ ደወልኩና «ወፉ እዚህ አለ» አልኳት፣ የምን ወፍ እንደሆነ እንኳ ሳልነግራት።

በኋላ ሳጣራ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዎች በሽቦ ቤት ለማርባት ከአፍሪካ ያመጧቸው ወፎች አምልጠው ወይም ተለቀው እዚያው ተራብተዋል። ቀዩ «ጳጳስ» እዚህ አለ፣ ያ ጅራተ ረጅሙም አለ። ክረምት የለ፣ መስቀል የለ፣ ግን ወንዶቹ በበጋው ቀልተው እስከ መኸር ይቆያሉ። የፈረንጅ ጎረቤቴን ጠየቅኳት፤ ለዓመታት በዚያ መንገድ ሄዳለች፣ አይታው አታውቅም።

አሁን ሁሌ እሁድ ጠዋት እሄዳለሁ። መስከረም 17 ዕለት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ ስድስት ወንድ ቆጠርኩ። ቡናማዎቹን ግን ልብ ብዬ አላየኋቸውም ነበር፤ እነሱን መፈለግ እንዳለብኝ የነገራችሁኝ እናንተ ናችሁ።


ሜሪላንድ | መስከረም 25

@ሎስአንጀለስ_ነኝ እኛ ጋ ወፉ የለም፣ የአበባው ዘመድ ግን አለ። በፈረንጆቹ መስከረም በየመንገዱ ዳር፣ ውኃ በሚቋጥር ቦይ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ያው ቢደንስ ነው፣ ዝርያው ይለያል። የዛሬ ሦስት ዓመት ልጆቼን ይዤ ቆርጠን ለእንቁጣጣሽ ጠረጴዛ ላይ አድርገነዋል። እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ አይታ «አደይ ከየት አመጣሽ?» አለችኝ። አደይ ነው አልኳት። ከአገር ቤት ዘር ለማምጣት የምታስቡ ካላችሁ ያለ ፈቃድ አታምጡ፣ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰዳል። እዚሁ ያለውን ፈልጉ።


የጉለሌው | ኅዳር 14

ዘግይቼ ነው የምጽፈው። የቤት ሥራው በጊዜው ገብቷል። መምህሯ ገጽ ሙሉ ጻፈች ብላ ክፍል ፊት አስነበበቻት። ጅራተ ረጅሙንም ጨምራለች፣ ጋሼ ቅር እንዳይላቸው ብላ።

ያኔ ቅዳሜ ወንዙ ዳር ስንሄድ ቢጫውን ወፍ አየነው። ወፍ_አሳሽ እንዳልከው ድቡልቡል ብሎ፣ ዝዝዝ እያለ። ልጄ እጄን ጨምቃ ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ እንሄዳለን፣ እሷ ናት የምታስታውሰኝ።

ትናንት አደዮቹ ሁሉ ደርቀዋል። ራሳቸው ጠቁሯል፣ ስትነካቸው እጅ ላይ ይፈርሳሉ። ዘሮቹ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ዳራቸው ላይ ያ የተባለው ስስ ክንፍ አለ፤ በስልኩ ካሜራ አጉልተን አየነው። ግማሹን እዚያው በተንነው፣ ግማሹን በፖስታ አድርጋ «ሰኔ» ብላ ጻፈችበትና መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣዋለች። ከአጥራችን ሥር አንድ ክንድ የምታህል ያልተነጠፈች መሬት አለች፣ እዚያ ልንዘራው ነው።

ልንመለስ ስንል አንድ ሃያ የሚሆኑ ቡናማ ወፎች ከሣሩ ተነስተው አጥሩ ላይ አረፉ። ድንቢጥ ነው ብዬ ማለፌ ነበር። እሷ ግን ጎተተችኝ። «አባዬ፣ ሦስተኛውን እየው።» አየሁት። ሙሉ በሙሉ ቡናማ ነው፣ ጀርባው ላይ ብቻ ያልረገፈች አንዲት ቢጫ ላባ አለች።